እርጥብ ምርቃት

አባቴ ጥርሱን ለመታጠብ በገዛ ፈቃዱ የሄደው በሕይወቱ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ልጄ ነጅማ የተዳረችበት ቀን። ሌላውን ጊዜ ሁሉ እየተጎተተ፣ እየተለመነ፣ አንዳንዴም ታምሜአለሁ ብሎ ብርድ ልብስ እየተከናነበ ነው የሄደው። ያን ቀን ግን ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ዘሀራ፣ ጥርስ ቤቱ ሳይሞላ እንሂድ» አለኝ።

«አባዬ፣ ቀጠሮ አለን እኮ። ቢሞላም ባይሞላም ያው ነው።»

«ቀጠሮ ሲከበር አንድ ቀን ታሳይኛለሽ።»

እኔ የባቡር ጣቢያ ተናጋሪ ነኝ። ኮምቦልቻ ጣቢያ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን ባቡር እናገራለሁ። ስለዚህ ነገርን ሳላጋንን መናገር ልማዴ ነው። አባቴ በዚህ አይደሰትም፤ «አንቺ ስትተርኪው ሰርጉም የሚዘገይ ባቡር ይመስላል» ይለኛል። ይሁን። እኔ የሆነውን እንደሆነ እናገራለሁ።

ከትልቁ ሳል ወረርሽኝ ወዲህ በከተማችን ጣራ ያለው ቦታ ሁሉ የአየር መብራት አለው። አረንጓዴ ሲሆን ሰው ይተነፍሳል፣ ሥራውን ይሠራል። ቢጫ ሲሆን ወሬ ይቆማል፣ መስኮት ይከፈታል። ቀይ ሲሆን በሩ ይዘጋል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ አየሩ እስኪጠራ ድረስ ሁሉም ባለበት ይቆያል። ሰው ይህን ከለመደው ቆየ። ሾርባ እፍ ብሎ የሚያቀዘቅዝ የለም፤ ማንኪያው ራሱ ትንሽ ማራገቢያ አለው። የልደት ሻማ በእጅ ይራገባል። መንዙማ የሚያወጡት ከመስታወት ጀርባ ሆነው ነው። ለዛሬ ሕፃናት ድሮ ፊኛ በአፍ ይነፋ ነበር ብትሏቸው እየቀለዳችሁ ይመስላቸዋል።

ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ግን የጥርስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ውሃ እየረጨ የሚንቀጠቀጠው ማጽጃ አፍ ውስጥ ሲገባ በጥርስና በድድ መካከል የተደበቀው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። ድሮ ይህ ጭጋግ እንደ ልቡ ይንሳፈፍ ነበር አሉ። በሐኪሙ ፊት፣ በወንበሩ ክንድ፣ በሚቀጥለው ታካሚ ላይ ያርፋል፤ ሰውየው ጥርሱን አስጸድቶ የማያውቀውን ሰው በሽታ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን ያ ቀርቷል። ዛሬ አንድ ሰው ከታጠበ በኋላ ክፍሉ ራሱ ይታጠባል፣ ቱቦዎቹ ውሃቸውን አፍስሰው ይጨርሳሉ፣ አየሩ ተቀይሮ ይነበባል፤ ከዚያ ነው ሁለተኛው ሰው የሚጠራው። የባንክ ካዝና እንዲህ አይጠበቅም።

አዳራሽ ውስጥ አፉን ገልጦ ሰው ፊት መቆም የሚፈቀድለት በዚያው ዕለት ጥርሱን ታጥቦ አረንጓዴ ባጅ የለጠፈ ሰው ብቻ ነው። ባጁ ፀሐይ እስክትገባ ይሠራል፤ በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ አይሰጥም። ዘፋኞችና አጫራቾች ሁልጊዜ ይለጥፉታል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሽማግሌዎች ተጨመሩ። የወሎ አዛውንቶች ለዓመታት ሲያመለክቱ፣ ሲጨቀጭቁ፣ በየቢሮው በር ላይ ዱአ ሲያደርጉ ኖረው ባለሥልጣናቱ ሰለቻቸውና ፈቀዱ፤ ባጅ ያለው አዛውንት በሰርግ ላይ እንትፍ እንትፍ ብሎ መመረቅ ይችላል ተባለ። ሕዝቡ ወዲያው «እርጥብ ምርቃት» ብሎ ስም አወጣለት።

ከሳሉ በኋላ ለተወለዳችሁ ላስረዳ። ድሮ አዛውንት ሲመርቅ ቃሉን ብቻ ሰጥቶ ዝም አይልም። በመጨረሻ ከከንፈሩ ትንሽ እርጥበት እንትፍ ብሎ ተመራቂው ግንባር ላይ ያሳርፋል፤ ያ ነው ምርቃቱን የሚያስረው። ከሳሉ በኋላ ምርቃት በማስክ፣ በመስታወት ጀርባ፣ በስልክ ሆነ። አባቴ ይህን ደረቅ ምርቃት ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ነው ይለዋል።

ነጅማ የተወለደችው በሳሉ ዓመት ነው። አባቴ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ያያት በመስኮት ነው። ከዚያም በኋላ እኔ ሥራ ስውል እሱ ነው ያሳደጋት፤ ሲያበላት፣ ሲያስተኛት፣ ትምህርት ቤት ሲያደርሳት ማስኩ ከፊቱ ወርዶ አያውቅም። ልደቷ ሲመጣ፣ ፈተና ስታልፍ፣ ሥራ ስትይዝ እጁን ከሩቅ ዘርግቶ ይመርቃትና «እንትፉን አስቀምጬልሻለሁ» ይላት ነበር። እኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ፈቃዱ የወጣ ቀን ግን አባቴ ጓዳ ገብቶ ሲያለቅስ አገኘሁት።

ነጅማ የአየር መብራት ጠጋኝ ናት። ዜናውን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ለብቻዬ ወስዳኝ «እማዬ፣ ጠብታው ቆዳዬ ላይ ነው የሚያርፈው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ግንባሯን በእጇ ጠረገች። «ለእሱ ስል እችለዋለሁ። ብቻ ቶሎ ይጨርስ።»

እንግዲህ ያን ቀን ጠዋት ጥርስ ቤት የሄድነው ለዚህ ነው።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከእያንዳንዱ ወንበር በላይ ትንፋሽ የሚስብ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ሰው አፉን ዘግቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ሰላምታ በአንገት ነው። አባቴ በሩን አልፎ እንደገባ «አሰላሙ አለይኩም! እንዴት አደራችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆቹስ?» አለ። መብራቱ ቢጫ ሆነ። አንድ ሰውዬ ተነስቶ መስኮት ከፈተ። አንዲት ወይዘሮ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በአንገቷ ደህና ነን አለችው፤ ከዚያ ወንበር ቀየረች።

«አባዬ፣ ባጅህን እስክታገኝ ዝም በል» አልኩት በጆሮው።

«ሰላም ሳይሉ መቀመጥ የከብት ነው» አለኝ፤ እሱም በጆሮዬ። መብራቱ ቢጫ እንዳለ ቆየ።

ተራው ሲደርስ የመጉመጥመጫው ጽዋ ተሰጠው። ሰማያዊ ነገር ነው፤ አፍ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ ከመታጠቡ በፊት ያደክመዋል። ደወሉ እስኪጮህ አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ ከዚያ መምጠጫ ባለው ገንዳ ላይ መትፋት ነው። አባቴ አንከባለለ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ ዋጠው።

«ለምን ዋጥከው?»

«ሴቶች ፊት ልትፋ እንዴ?»

«ከሰዓት በኋላ ልጄ ግንባር ላይ ልትተፋ አይደለም የመጣኸው?»

ቅር ብሎት አየኝ። «ያ መትፋት አይደለም። ያ ምርቃት ነው።»

ሁለተኛ ጽዋ ተሰጠው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩለት፤ ያን ጊዜ ተፋው።

አጣቢዋ ሲስተር አስካለ ትባላለች። ቀጭን፣ ረጅም ጣት ያላት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ናት፤ ወሯ ስለገባ ጋዋኑ ከፊት አልገጠመላትም። አባቴን ወንበሩ ላይ አስተኝታ የመስታወቱን ጉልላት ከደረቱ በላይ አወረደችበትና እጆቿን በጎን ባሉት ጓንቶች በኩል አስገባች። እኔ በአስታማሚ ወንበር ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ለእያንዳንዱ ታጣቢ አንድ አስታማሚ ይፈቀዳል።

«አባባ፣ ከአሁን በኋላ አይናገሩም። ካመመዎት ጣትዎን ያንሱ» አለችው።

«ምንም አያመኝም የኔ ልጅ፣ እኔ በልጅነቴ…»

«ጣትዎን ብቻ፣ አባባ።»

ማጽጃው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጉልላቱ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በርቷል፤ ሰው ከአፉ የሚወጣውን ራሱ እንዲያይ ነው የሚበራው። ጭጋጉ ከአባቴ ከንፈር እየተነሳ መስታወቱ ላይ ይጨሳል፣ መምጠጫው ደግሞ ከሥር ከሥሩ ይስበዋል። አባቴ ዐይኑን አፍጥጦ ያያል። ጣቱን አነሳ። ሲስተር አስካለ አቆመች።

«አመመዎት?»

ራሱን ነቀነቀና በጣቱ ጭጋጉን፣ ከዚያ ራሱን አሳየ። ይህ ሁሉ የእኔ ነው ወይ ማለቱ ነው።

«የሁላችንም እንዲህ ነው» አለችው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጣቱን አላነሳም። እሷም አልቸኮለችም። አገጩን በግራ እጇ ደግፋ፣ አንዱን ጥርስ ጨርሳ ወደ ሌላው ስትሄድ ጉንጩን በጓንቱ መታ መታ ታደርገዋለች። እናቴ ከሞተች ወዲህ የአባቴን ፊት የነካ ሰው ስለመኖሩ እንጃ። መብራቱ አረንጓዴ ነበር። እኔም ልቤ ተረጋግቶ የሰርጉን ነገር ማሰብ ጀመርኩ።

ሲያልቅ ጉልላቱን ወደ ላይ አነሳችው። አገጩን በፎጣ አደረቀችለት። አረንጓዴውን ባጅ ጀለቢያው ላይ ለጠፈችለትና «አለቀ አባባ። ጎበዝ ነዎት» አለችው።

አባቴ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ዐይኑ እርጥብ ብሎ ነበር። መጀመሪያ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ሆዷን። ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ግን ዘግይቼ ነበር።

«ማርያም በሽልም ታውጣሽ የኔ ልጅ። ይህ እጅሽ ይባረክ። የምታቅፊውን ይስጥሽ፣ አሚን» አለና ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አለባት።

እስላም ሆኖ በማርያም መመረቁ አይግረማችሁ፤ ወሎ ውስጥ ነፍሰ ጡር ስትመረቅ ሃይማኖት አይጠየቅም። የሚያስገርመው የቦታው ምርጫ ነው። በከተማው ካሉት ክፍሎች ሁሉ በጠብታ የተነሳ በሩን የሚዘጋ፣ ማራገቢያውን የሚያስጓራ፣ ሐኪሙን ከቢሮው የሚያስነሳ ክፍል ቢኖር እሱ የቆመበት ነበር።

መብራቱ ቀይ ሆነ። በሩ ተዘጋ። አባቴ ደረት ላይ ያለው ባጅ ቀለሙ ሸሽቶ ዐመድማ ሆነ፤ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ መብራት ያቀላ ሰው ባጁ ይሞታል። ከግድግዳው ውስጥም «ክፍሉ ተዘግቷል። እባክዎ አይናገሩ። እባክዎ አይንቀሳቀሱ» የሚል ድምፅ መጣ።

«ዘሀራ፣ አሁን የምትናገሪበት ሰዓት ነው?» አለ አባቴ።

ድምፁ በእርግጥ የእኔ ነው። የከተማው ማስታወቂያ ሁሉ በእኔ ድምፅ የተቀዳ ነው። ግን እዚህ ጥግ ላይ አፌን ይዤ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ በራሴ ድምፅ ታዝዤ የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተር ጌትነት፣ የጥርስ ቤቱ ኃላፊ፣ በመስታወቱ ማዶ እየሮጠ መጣ። ወጣት ነው፤ የነጅማ እኩያ ቢሆን ነው። «ሲስተር፣ የት ነካሽ?» አለ በማይኩ።

«ግንባሬን።»

«ጥረጊው። ፎጣው በስተቀኝሽ ነው።»

ሲስተር አስካለ ፎጣውን አነሳች፤ ግን አልጠረገችም። «ትንሽ ይቆይ ዶክተር» አለች። «እናቴ በሠርጌ ቀን በስልክ ነው የመረቀችኝ። ይህን በወሬ ነው የማውቀው።»

ዶክተሩ ወደ መሣሪያው ዞሮ አየሩን አነበበ። ማራገቢያው እያጓራ ቆይቶ ዝም አለ፣ መብራቱም ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። የአባቴ አፍ አሁን የታጠበ፣ ሁለት ጽዋ የተጉመጠመጠ ስለነበር ክፍሉ ከመጠበቂያው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም» አለ ዶክተሩ። «ባጁን ግን መመለስ አልችልም። ነገ ጠዋት ነው።»

«ነገ?» አለ አባቴ። «ሰርጉ እኮ ዛሬ ነው።»

«አውቃለሁ አባባ። ባጅ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፣ መሣሪያው ነው። በቀን ከአንድ በላይ አያውቅም። አዳራሹ ማስክዎን አድርገው ይገባሉ፣ ምርቃቱ ግን…»

አባቴ ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠ። «አውቄ አይደለም» አለ። «ሆዷን አየሁና ከአፌ ወጣ።»

ተናድጄ ነበር። ቤት ስንደርስ የምለውን ሁሉ እያሰናዳሁ ነበር፤ ስንት ዓመት ጠብቆ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስጨንቆ፣ በመጨረሻ ለማያውቃት ሴት መስጠት። ከዚያ እጆቹን አየኋቸው። ጉልበቱ ላይ ተዘርግተው ክፍት ሆነው ቀርተዋል። ንዴቴ ጠፋና በእሱ ፈንታ ማልቀስ አማረኝ።

ነጅማ ጋ ደወልኩ። ፀጉር ቤት ነበረች፤ ከኋላዋ የሚዜዎቿ ሁካታ ይሰማል። የሆነውን እንደሆነ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር ተመስገን የምትል መስሎኝ ነበር።

እሷ ግን «አባባ ምን እያለ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። ተቀምጧል።»

«ምንም ማለት? እያወራ ነው?»

«አያወራም።»

«አባባ ዝም አለ?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ስልኩን ሰዎቹ እንዲሰሙት አድርጊው።»

ስልኩን ወደ መስታወቱ አዞርኩት። ሙሽራዋ ጠየቀች፣ ዶክተሩ መለሰ። ባጅ የሌለው አፍ በጣራ ሥርም በሜዳም በሰው ፊት ሊገለጥ አይችልም አላት። በአዳራሽ አይቻልም፣ በቤት አይቻልም፣ በመስጊድ አይቻልም። የሚቻለው ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

«እዚያስ ለምን ይቻላል?» አለች።

«ሰው አፉን ዘግቶ ጥርሱን አይታጠብማ። ማራገቢያው፣ መምጠጫው፣ በሩ፣ ሁሉም የተሠራው ለዚያ ነው።»

«ክፍሉ ውስጥ መግባት የሚችለውስ ማነው?»

«ታጣቢና አስታማሚው።»

«እንግዲያው ቀጠሮ ያዙልኝ» አለች ልጄ። «አባባን ደግሞ ከዚያ ክፍል እንዳታስወጡት።»

ሲስተር አስካለ ዶክተር ጌትነትን በመስታወቱ ውስጥ ቀጥ ብላ አየችው። ወደ መዝገቢያው ሄደና የአባቴን እጥበት ገና አላለቀም ብሎ ክፍት ተወው። የነጅማን ስም ከሥሩ አስገባ። እኔ የአባቴ አስታማሚ እንደሆንኩ ቆየሁ።

አባቴ ማስኩን መልሶ አደረገ። ክፍሉ እንደገና ታጠበ፣ ቱቦዎቹ ውሃቸውን አፈሰሱ፣ አየሩ ተቀየረ። በዚህ መካከል የመኪና ጥሩምባ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ ጥርስ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ሰርገኛው ሁሉ መጥቶ ነበር። መጠበቂያው ክፍል በሐርና በሽቶ ሞላ። ሚዜዎቹ ማስካቸውን አድርገው ከትንፋሽ መሳቢያው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጥርሱን ሊታጠብ መጥቶ ሰርግ የገጠመው ሰው ሁሉ ቀጠሮውን ረስቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ግን ማንም መስኮት አልከፈተም።

ነጅማ በሙሽራ ልብሷ ገባች። ከኋላዋ ሙሽራው ኻሊድ፣ በአስታማሚነት ተመዝግቦ። ጽዋው ተሰጣት፣ ተጉመጠመጠች፣ ደወሉ ሲጮህ ገንዳው ላይ ተፋች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረላት።

ሲስተር አስካለ እንድታርፍ ተነግሯት ነበር፤ ግን እምቢ አለች። ነጅማን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፣ ፎጣ አንገቷ ላይ አሰረች፣ የመምጠጫውን ቱቦ ከንፈሯ ጥግ ላይ ሰካች። በሕግ ፊት እጥበት ተጀምሯል። አንድ ጥርሷን በማጽጃው ነካ አደረገችና «በቃ፣ ጀምረናል» አለች።

አባቴ ተነሳ። ማስኩን አወረደ። ነጅማ በሕይወቷ ሙሉ የአያቷን ፊት በፎቶና በስልክ እንጂ በዚህ ቅርበት አላየችውም። ጺሙን፣ የታችኛው ከንፈሩ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ልጄ» አለና ቆመ። ከንፈሩን ላሰ። እንደገና ላሰ። ወደ እኔ ዞሮ ሹክ አለኝ። «አፌ ደርቋል።»

ሰማያዊው መጉመጥመጫና መምጠጫው ምራቁን አንጠፍጥፈው ወስደውበታል። ሲስተር አስካለ የውሃውን ቱቦ ዘረጋችለት።

«የቧንቧ ውሃ ምርቃት አይሆንም» አለ አባቴ።

መስታወቱ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ ምን እንደተፈጠረ ሳያውቅ ጠበቀ። አባቴ ጉንጩን አሸ፣ ምላሱን አንቀሳቀሰ፣ ምንም የለም። አይቼው የማላውቀው ፍርሃት ፊቱ ላይ መጣ።

«አባባ» አለች ነጅማ፣ ቱቦውን በከንፈሯ ይዛ። «ሎሚ አስብ።»

«ሎሚ?»

«ሎሚ ለሁለት የተቆረጠ።»

«ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት» አለ ኻሊድ። «ከዳር ሲነክሱት ጥርስ የሚያቆም።»

እኔ ራሴ ጉንጬን ውሃ ሞላው። ሲስተር አስካለ ዐይኗን ጨፍና ዋጥ አደረገች፤ ነፍሰ ጡር ፊት ሎሚ መጥራት ግፍ ነው። አባቴም የሁለቱን ወጣቶች ፊት እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና አንገቱ ላይ ያለው አጥንት ወጣ ገባ አለ።

«መጣ» አለ።

እጁን ዘረጋ። «ነጅማዬ፣ ከክፉ ዐይን፣ ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። ቤትሽን የሰላም ያድርገው። ኻሊድ ልጄ፣ ክፉ አይንካህ፣ እንጀራህ አይጉደል። ተደጋገፉ። ስትጣሉም ሳይመሽ ታረቁ። ወልዳችሁ ሳሙ፣ በማስክ ሳይሆን በከንፈር ሳሙ። ወግ ማዕረግ ያሳያችሁ። አሚን በሉ።»

«አሚን» አልን። ከመስታወቱ ማዶም አሚን መጣ፤ በአንገት የሚመልሱት ሰዎች ሁሉ ድምፅ አውጥተው ነው ያሉት።

ጎንበስ አለና ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አለ። ከዚያ ኻሊድ ግንባር ላይ። መብራቱ ቀይ ሆነ፣ በሩ ተዘጋ፣ ማራገቢያው አጓራ። የእኔም ድምፅ እባክዎ አይንቀሳቀሱ አለ።

ነጅማ ግን ተንቀሳቀሰች። ጠብታውን ለመንካት እጇን ስታነሳ የሻሿ ጫፍ ወደ መምጠጫው ቱቦ ቀረበ፤ ቱቦውም ስልቅጥ አድርጎ ዋጠው። ሻሹን ስትጎትት ቱቦው ይጎትታል፣ ቱቦውን ስትጎትት ሻሹ ከራሷ ይወርዳል። ኻሊድ ሊያግዝ ጎንበስ ሲል ክራቫቱም ገባ። ሙሽሮቹ በአንድ ቱቦ ታስረው ተፋጠጡ።

ልጄ ሣቀች።

እዚህ ላይ ማቆምና መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የእሷ ዘመን ልጆች ሲሥቁ አፋቸውን ዘግተው ነው፤ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያስተምሯቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዐይናቸው ያበራል፣ ድምፅ ግን የለም። የወለድኳትን ልጅ ሣቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሷም ራሷ ሰምታው አታውቅም፤ ከአፏ ሲወጣ ደንግጣ የማን እንደሆነ ለማየት ዞር አለች። ከዚያ መልሶ ያዛት። አፏን ሙሉ ከፍታ፣ ከሆዷ፣ ወንበሩን እያንቀጠቀጠች ሣቀች። ወፍራም ሣቅ ነው፤ ይወጣ ይወጣና መጨረሻው ላይ ይሰበራል።

አባቴ የዘረጋውን እጅ አላወረደም።

«ከድጃ» አለ።

ከድጃ እናቴ ናት። ነጅማ ሳትወለድ ነው የሞተችው። ልክ ነበር፤ ሣቁ የእናቴ ነው፣ አሰባበሩ ሳይቀር። ልጄ ይህን ሁሉ ዓመት በተዘጋ አፏ ውስጥ ይዛው ኖራለች፤ አንዳችንም አላወቅንም። እንባዬ መጣ፣ አልጠረግሁትም።

መብራቱ እንደቀላ ነው። በሩ ሊከፈት ገና ጊዜ አለው። አባቴ የአስታማሚውን ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና ጉልበቷን ያዘ።

«እስኪ ድገሚው» አላት።